የአያቱ ዓይን

የዓይን ባለሙያዋ ባለቤቴን አልፋ እኔን ጠየቀችኝ። ልጃችን በመካከላችን ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። "የእርስዎ አባት ቀለም ላይ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። ባለቤቴን ስለ አባቱ አልጠየቀችውም፤ ስለ ራሱም ቢሆን ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አላነሳችም። አባዬ ካረፈ ቆይቷል። የልጅ ልጁን በዓይኑ አላየውም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የእሱ ነገር ይነሳል ብዬ እንዴት ልጠብቅ?

እዚያ ያደረሰን ባንዲራ ነው። አንደኛ ክፍሎች ሰንደቅ ዓላማ ሥላችሁ ኑ ተብለው፣ የእኔው ልጅ መካከሉን ቢጫ፣ ታቹን ቀይ፣ ላዩን ቡናማ አድርጎት ነበር። ከሥሩ "ትኩረት ይጎድለዋል" ተብሎ ተጽፎበት መጣ። ግራ የገባኝ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አለማወቁ ነው። በኋላ ስንከታተለው፣ ቤት ሲሥል ታላቅ እህቱ ሁልጊዜ አጠገቡ ናት። "አረንጓዴዋን አቀብዪኝ" ይላታል፤ ታቀብለዋለች። ክፍል ውስጥ እህት የለችም።

የቀለም ዕውርነት ይኖርበት እንደሆነ የተፈተነበት መጽሐፍ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ነው፤ ገጾቹ በባለቀለም ነጠብጣቦች የተሞሉ ናቸው፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ቁጥር ተደብቋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን 12 ማንም ያነበዋል፤ የተቀመጠውም ተፈታኙ ምን እንደተጠየቀ መረዳቱን ለማወቅ ነው። ልጄ "አሥራ ሁለት!" ብሎ በኩራት ጮኸ። ቀጣዩ 8 ነው። እሱ 3 አለ። ወደ ኋላ ሲኬድ ቁጥሩ ጨርሶ ጠፋበት፤ እያታለልነው መስሎት አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቱን ያይ ጀመር። እኛ ሁለታችን ሁሉንም ገጽ አነበብን። ያልገባኝም ይኸው ነበር። ሁለታችንም የሌለንን ነገር ልጃችን ከየት አመጣው?

ስለ አባዬ ስጠየቅ "ደህና ነበር" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መነጽር እንኳ አድርጎ አያውቅም፤ ሸምግሎ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ የነበረ ሰው ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። "ቡና ይዳብስ ነበር" አልኋት። ባለሙያዋ አልገባትም። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ።

ቡና የሚዳብስ ሰው

ያደግሁት ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ ቡና ውስጥ ነው። ለቀማ ሲደርስ ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ቅርጫት ይዞ ይወጣል። ቀይ ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ስለሚሄድ የበሰለው ብቻ ነው የሚፈለገው፤ አረንጓዴ ከተቀላቀለበት ዋጋው ይወርዳል ወይም ተመልሶ ይለቀማል። እኛ ልጆች ቅርንጫፉን በዓይናችን ቃኝተን ቀይ ቀዩን እናወርዳለን። አባዬ ግን እያንዳንዷን ፍሬ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫን አድርጎ ይሞክራታል። የበሰለችው ለጣት ትለሰልሳለች፤ ጥሬዋ አትበገርም። እኛ ቅርጫት ስንሞላ እሱ ግማሽ ላይ ነው። እናቴ "ሰውዬ፣ ቡና ትለቅማለህ ወይስ ትዳብሳለህ?" ትለው ነበር፤ መንደሩም ቃሏን ተቀብሎ መሳቂያ አደረገው።

ያም ሆኖ ቅርጫቱ ውስጥ ጥሬ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ቡና የሚረከበው ሰውዬ በሰልፉ ሁሉ ፊት ቅርጫቱን ሸራ ላይ ገልብጦ አረንጓዴዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አሳየው። ሰነፍ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ሌሊት ተነስቶ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ሰዎች "ግዴለሽ ነው" አሉት። አባዬ ምንም አልመለሰም። ሸራው ላይ ተንበርክኮ እንደገና መልቀም ጀመረ፤ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ አረንጓዴዎቹን አወጣሁ። እኔ ስለማወጣ እሱ ቀስ በቀስ እጁን ሰበሰበ። ያን ጊዜ የደከመው ነበር የመሰለኝ።

አሁን ሳስበው ብዙ ነገር ይገጣጠማል። በርበሬ የሚገዛው ከእናቴ ጋር ብቻ ነው። የነጠላ ጥለት ምረጥ ሲባል "እናንተ ታውቃላችሁ" ይላል። ሙዝ ገዝቶ ሲመጣ ግማሹ ያልበሰለ ነው። እኛ ይህን ሁሉ የጠባዩ አካል አድርገን ነበር የምናየው፤ አባዬ እንዲህ ነው፣ አለቀ። እሱ ራሱ ያውቅ ነበር ወይ? ብዙ አሰብሁበት። አያውቅም ነበር ወደሚለው አደላለሁ። ሌላው ሰው የሚያየውን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ የጎደለው መኖሩን በምን ያውቃል?

የአቶምን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን እንኳ ይህን ያስተዋለው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው። ሌሎች ሮዝ የሚሏት አንዲት አበባ ለእሱ ቀን ሰማያዊ፣ ማታ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆነችበት። ወንድሙም እንደ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1794 ማንችስተር ውስጥ ስለዚሁ ለምሁራን ጽሑፍ አቀረበ፤ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ነው ብሎ ስላመነም ሲሞት ዓይኑ ተከፍቶ እንዲታይለት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሲሞት ዓይኑ ተከፈተ፤ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው። ከደረቀው ዓይን የተረፈው ግን ተጠብቆ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤው ሲመረመር፣ አረንጓዴውን ለመለየት የሚያስችለው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው መመሪያ፣ እንደጎደለው ታወቀ። የጎደለው ነገር ከፈሳሹ አልነበረም፤ ከወላጆቹ በወረሰው ውስጥ ነበር። ዳልተን መልሱን ለማግኘት 150 ዓመት ገደማ በማሰሮ ውስጥ ጠበቀ። አባዬ ደግሞ ጥያቄው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሄደ።

በእኔ ውስጥ ያለፈው

ባለሙያዋ የባለቤቴን አባት ያልጠየቀችበት ምክንያት ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ጂኖችን የተሸከሙ 46 ክሮች፣ ክሮሞሶሞች የሚባሉት፣ አሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። ከነዚህ ጥንዶች አንዱ ጾታን ይወስናል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ቀይና አረንጓዴን የምንለይባቸው ጂኖች ያሉት ኤክስ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ከአባቱ የሚወስደው ዋይን ስለሆነ፣ ኤክሱ የግድ ከእናቱ ይመጣል። ባለቤቴ ቢፈልግ እንኳ በዚህ ጉዳይ ለልጁ የሚሰጠው ነገር የለውም።

ሁለቱ ጂኖች ጎን ለጎን የተቀመጡና እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው። ሰውነት እንቁላል ሲያዘጋጅ ጥንድ ክሮሞሶሞች ቁርጥራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ ጎረቤታሞቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ አንዳንዴ ልውውጡ ይዛነፍና አንዱ ጂን ይቀራል፣ ወይም ከሁለቱ የተቀላቀለ ሦስተኛ ነገር ይፈጠራል። አሜሪካዊው ጄረሚ ናታንስ ከባልደረቦቹ ጋር እነዚህን ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1986 ለይቶ ሲያወጣ የራሱን ዲኤንኤ ጭምር ተጠቅሟል። እንዲህ የተዛነፈ ኤክስ የደረሰው ወንድ መጠባበቂያ የለውም። ሴት ግን ሌላኛው ኤክስ ይሸፍንላታል። መነሻቸው ከአውሮፓ የሆኑ ወንዶች ከ12 አንዱ፣ ሴቶች ግን ከ200 አንዷ ብቻ የዚህ ችግር ተካፋይ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

አባዬ የነበረው አንድ ኤክስ ነው። ለእኔም ለእህቴም የሰጠን ያንኑ ነው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ለወንድሜ የሰጠው ዋይን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ፤ ምክንያቱም ወንድሜ ቁርጥ አባዬን ነው። አረማመዱ፣ ግንባሩ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ነገር፤ ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎች አይተውት ደንግጠዋል። እኔ እናቴን ነው የምመስለው፤ "ከአባትሽ ምንም አልወሰድሽም" እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ከዓይኑ ግን ወንድሜ የወሰደው የለም። የያዝሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ከሰጠችኝ ኤክስና ከአባዬ ኤክስ ለልጄ የትኛው እንደሚደርሰው እኩል ዕድል ነበረው። የአባዬ ደረሰው። የማየውን ሁሉ እያየሁ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየሁ፣ አባዬ ያላየውን አሳልፌ ሰጠሁት። ሰው ለልጁ የሚሰጠው ያለውን ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሰው በራሱ ላይ አንድም ቀን ያልታየበትን፣ መኖሩን የማያውቀውንም ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1910 ኒውዮርክ ውስጥ ቶማስ ሀንት ሞርጋን በዝንብ ላይ ያየው ይህንኑ ነበር። በላቦራቶሪው ከቀይ ዓይናማ ዝንቦች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ተገኘ። ከቀይ ዓይናማ ሴቶች ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ከጥቂቶች በቀር ቀይ ዓይን ሆኑ። በልጅ ልጆቹ ጊዜ ነጩ ዓይን ተመለሰ፤ የተመለሰውም በወንዶቹ ላይ ብቻ ነው። ሴት ልጆቹ አባታቸውን በዝምታ ይዘው ለልጆቻቸው አደረሱት። ስለ ዝንብ እያነበብሁ ዓይኔ እንባ ያቀርራል ብል ማን ያምነኛል?

ሌላም አለ። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳቀረበችው፣ ሴት ገና በማሕፀን ሳለች በእያንዳንዱ ህዋሷ ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ አንዱ ዝም ይላል፤ የትኛው እንደሚዘጋ በየህዋሱ ይለያያል፤ ከዚያ የሚወለዱ ህዋሶችም ያንኑ ይከተላሉ። ስለዚህ በእኔ ሬቲና፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይኔ ውስጠኛ ሽፋን፣ ውስጥ በአንዳንዱ ቦታ የሚሠራው የእናቴ ኤክስ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ የአባዬ። ሙሉ ሥዕሉን የምታይልኝ የእናቴ ወገን ብትሆንም፣ ከመካከሉ የተወሰነው ክፍል እስከ ዛሬ ዓለምን የሚያየው አባዬ ያይ በነበረው መንገድ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቲማቲም ስመርጥ ሳላስበው ቆም እላለሁ።

"በእኛ በኩል የለም"

አማቴ ጉዳዩን ሲሰሙ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።" በክፋት አይደለም፤ የልጅ ልጃቸውን ፀጉር እየዳሰሱ ነው የተናገሩት። እውነታቸውንም ነው። ቢሆንም በቤታችን የሕፃን መልክና ጠባይ ሁልጊዜ ክርክር ነው። ልጁ ሲያነብ "ወደ እኛ ወጣ"፣ ሲያኮርፍ "ወደ እናንተ"። በቅሎን "አባትህ ማን ነው?" ቢሉት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለ ይባል የለ? በቅሎው የፈለገውን ይበል፤ 63ቱ ክሮሞሶሞቹ ግን 32ቱ ከፈረስ እናቱ፣ 31ዱ ከአህያ አባቱ የመጡ ናቸው። አብዛኛው በቅሎ የማይወልደውም እነዚህ ሁለት ወገኖች በአግባቡ ሊጣመሩ ስላልቻሉ ነው። አህያውን በዝምታ ማለፍ ቆጠራውን አይለውጠውም።

ባለቤቴ ለልጃችን የሰጠው ትንሽ አይደለም። ሃያ ሁለት ክሮሞሶሞችና ዋይ። ያቺ ዋይ በላይዋ ያሉት ጂኖች በአሥር የሚቆጠሩ ብቻ ቢሆኑም፣ ልጁን ወንድ ያደረገችው እሷ ናት። ይህን ስጽፍ ቁጣ ይመጣብኛል። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ በትል ጥንዚዛ ላይ ሠርታ ጾታን የሚወስነው ከወንዱ የሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ዛሬም "ወንድ ልጅ ነፈገችኝ" ብሎ ትዳር የሚያፈርስ አለ፤ አማቾች ደጋግማ ሴት የወለደችን ሴት አራስ ቤት ውስጥ ፊት ይነሷታል፤ እልልታው እንኳ ለወንድ የሚበዛበት አገር ብዙ ነው። የሌላት ዋይ እንዴት ትሰጣለች?

የቀረው ግን ለክርክር አይመችም። ልጄ ቁመቱ ወደ አባቱ ቤት እየሳበ ነው፤ እነሱ ረጃጅሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አይቶ ቁመት ላይ ድርሻ ያላቸው ወደ 12,000 የሚጠጉ ልዩነቶችን በዲኤንኤ ውስጥ ለይቷል። ከነዚህ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩት ላይ የእኔ አጫጭር ዘመዶችም እጃቸው አለበት። ረጅም ሆነ ማለት እኛ አላዋጣንም ማለት አይደለም። ስንወለድ ጀምሮ ፊታችን ላይ ወጥቶ የሚታየው ከወረስነው ጥቂቱ ነው፤ ዘመድ የሚከራከረውም በዚያ ጥቂት ላይ ነው።

ስሙ የማይዘው ቆጠራ

ልጄ ስሙን ሲጽፍ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ብሎ ይቀጥላል። ባለቤቴ እስከ ሰባት አስጠንቶታል፤ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ለጋብቻ መተያየት ነውር ነው ተብሎ ስላደገ። ይህ የአባቶች መስመር ዋይ የምትሄድበት መንገድ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ ሳታዛንፍ። አባዬ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ልጄ ሰባት አባቶቹን በአንድ ትንፋሽ ሲጠራ፣ በዓይኑ የሚያይለት ሰው ስም አይነሳም።

አንድ ምሽት እርሳስ ይዤ ቆጠርሁ። ሰባት ቤት ወደ ኋላ ስንሄድ በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ወላጆች አሉን፤ ደንቡ ተጠብቆ ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ ሁሉም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከሰባቱም ቤት ሲደመር 254። ልጄ በስም የሚያውቃቸው 7ቱን ነው። ኤክስ ደግሞ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለማታልፍ እየተጠማዘዘች ትሄዳለች፤ ከ128ቱ ውስጥ ለልጄ ኤክስ ሊያዋጡ የሚችሉት 21 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከነዚያ 21 አንዱም በስሙ መስመር ላይ አይገኝም። "ዘር ከልጓም ይስባል" ይባላል፤ መሳቡንስ ይስባል፣ በየት በኩል እንደሚስብ ግን በስም ዝርዝር አይታወቅም።

ይህን ለአማቴ ማስረዳት ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኤክስና ዋይ ብዬ ልጀምር ስል፣ "ቆይ፣ የአባትሽ ዓይን በአንቺ በኩል መጣ ነው የምትይኝ?" አሉኝ። አዎ አልኋቸው። "አንቺ ላይ ሳይታይ?" አዎ። "ወንድምሽ ደግሞ የለበትም?" የለበትም። ጎጃሜ ናቸው። አባታቸው በእናታቸው እናት በኩል ቆጥረው ርስት ሲሟገቱ፣ ማታ ማታ የዘር ሐረግ ሲጠና እየሰሙ ነው ያደጉት። በዚያ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ሴት አያት ያልያዘችውን መሬት የልጅ ልጇ በእሷ ስም ገብቶ ይጠይቅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሙግቱ ቀረ፤ ቆጠራው ግን ከእሳቸው ጭንቅላት አልወጣም። እኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ የደረስሁበትን እሳቸው በሦስት ጥያቄ ጨረሱት።

"እንግዲያውማ የእናት ርስት ነው" አሉ።

ከዚያ ስለ ታላቋ ልጄ ጠየቁኝ። እሷም የአባዬን ኤክስ ይዛ እንደሆነ ገና አናውቅም፤ በማየት አይታወቅም፤ ዕድሉ እኩል ነው። የዘር ምርመራ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን ለእሷ ትቼዋለሁ፤ አድጋ ማወቅ ከፈለገች ታድርገው። አማቴ በዚህ አልተስማሙም። "ባለርስት ርስቱን ማወቅ አለበት" ብለው ተከራከሩኝ፤ እስከ አሁንም አልተስማማንም።

ወዲያው ደግሞ "እህትሽ ወንዶች ልጆች አሏት አይደለም?" አሉ። ሁለት አሏት። ስልኬን ተቀብለው እንድደውልላቸው አዘዙኝ። እህቴ ስታነሳ እኔ መስያት ወሬ ጀመረች። አማቴ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ፣ "ልጄ፣ እነዚያን ወንዶች ልጆችሽን ዓይን አስመርምሪያቸው፤ የአባታችሁ ርስት ደርሷቸው እንደሆነ ይታወቅ" አሏት።